ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን በቤተ መጻሕፍት፦ በቢቸናና በሞጣ ለሚኖሩ ወላጆችና አሳዳጊዎች ስለ ተረት ሰዓት የተዘጋጀ ማብራሪያ

በብዙ የሀገራችን ከተሞች ቤተ መጻሕፍት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ፣ ጸጥታ የሰፈነበት አዳራሽና ድምፅ ማሰማትን የሚከለክል ማስታወቂያ ነው። በዚህም ምክንያት ገና መራመድ የጀመረ ልጅ ያዘለች እናት በበሩ ስታልፍ ቤቱ ለእርሷም ሆነ ለልጇ የተሠራ መስሎ አይታያትም። ልጁ ማንበብ አይችልም፤ ዝም ብሎ መቀመጥም አይችልም፤ እናቲቱ ራሷም ፊደል የመቁጠር ዕድል አላገኘች ይሆናል።

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ይህንን ግምት ለማረምና ከ1 እስከ 3 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት ወላጆች ስለ ቤተ መጻሕፍት የተረት ሰዓት በቂ ግንዛቤ እንዲኖራቸው ለማድረግ ነው። የተረት ሰዓት ዓላማ ሕፃኑ ከአሳዳጊው ጋር እንዲነጋገር ማገዝ ነው። ስለሆነም ወላጁ ማንበብ ቢችልም ባይችልም፣ ልጁ ቢረጋጋም ባይረጋጋም ሁለቱም የአገልግሎቱ ሙሉ ተጠቃሚዎች ናቸው። ማብራሪያው በምሥራቅ ጎጃም ዞን ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያሉትን ሁለት ከተሞች በማሰብ የቀረበ ቢሆንም፣ በሌሎች ከተሞች ለሚኖሩ ወላጆችም ያገለግላል።

የተረት ሰዓት ምንድን ነው?

የተረት ሰዓት አንድ ቤተ መጻሕፍት ወይም የንባብ ክፍል በታወቀ ቀንና ሰዓት ለሕፃናትና ለአሳዳጊዎቻቸው የሚያዘጋጀው አጭር መርሐ ግብር ነው። ተሳታፊዎቹ ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሲሆኑ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቢቆይ ይበቃል። በዚህ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት አጫጭር ተረቶች ይነገራሉ፤ ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ እየተገለጠ ይታያል፤ በጭብጨባ የታጀበ የልጆች መዝሙር ይዘመራል፤ በመጨረሻም ልጆቹ መጻሕፍትንና መጫወቻዎችን በእጃቸው የሚነኩበት ነጻ ጊዜ ይሰጣቸዋል።

አገልግሎቱ ከሕፃናት ማቆያም ሆነ ከአጸደ ሕፃናት ይለያል። ወላጁ ልጁን አስረክቦ ወደ ጉዳዩ አይሄድም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሮት ይቀመጣል። ልጁም አይፈተንም፤ ፊደል እንዲለይ አይጠየቅም፤ ከሌላ ልጅ ጋርም አይወዳደርም። ቤተ መጻሕፍቱ የሚያቀርበው ቦታውን፣ መጻሕፍቱንና ተራኪውን ነው። ቀሪው በልጁና በአሳዳጊው መካከል የሚሆነው ነው፤ ጥቅሙም የሚገኘው ከዚያ ነው።

ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ምን ይጠቅመዋል?

አንድ የ2 ዓመት ልጅ በመጽሐፍ ላይ የጥጃ ሥዕል አይቶ በጣቱ ጠቆመ እንበል። እናቱ «አዎ፣ ጥጃ ነው፤ የእኛ ጥጃ የት ነው ያለው?» ብትለው ልጁ ወደ ውጭ ይጠቁማል፤ ወይም እንደ ጥጃ ይጮኻል። እርሷም መልሳ «እናቱን እየጠራ ነው፤ ርቦት ይሆን?» ትለዋለች። ይህ ንግግር ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ የሚወስድ ቢሆንም ልጁ አንድ ቃል ከአንድ ሥዕል፣ ሥዕሉን በቤቱ ካለው ነገር፣ ያንንም ከረሃብና ከእናት ጋር አያይዞበታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የእርሱ ጥቆማ መልስ የሚሰጠው መሆኑን ተረድቶበታል።

ሕፃናት ቋንቋን የሚማሩት በዚህ ዓይነት ቅብብል ነው። ድምፅ መስማት ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ ላሳየው ምልክት፣ ላወጣው ድምፅና ለጠቆመው ነገር ምላሽ የሚሰጥ ሰው ያስፈልገዋል። ተከፍቶ የተተወ ቴሌቪዥን ወይም ስልክ የዚህን ሰው ቦታ የማይተካውም ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የ1 ዓመት ልጅ በስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉትም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ መሆኑን አስታውቋል። ልጁ በሚቀመጥበት ጊዜ ከአሳዳጊው ጋር ማንበብንና ተረት መስማትን መክሯል።

መደበኛው የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን አይቀበልም። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት በሚገባበት ቀን መምህሩ የሚናገረውን የሚረዳው፣ ጥያቄ የሚጠይቀውና ታሪክን እስከ መጨረሻው የሚከታተለው ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ባጠራቀመው ቋንቋ ነው። በእነዚህ ዓመታት ብዙ የተነገረውና ጥቂት የተነገረው ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገቡት እኩል ሆነው አይደለም። የተረት ሰዓት ይህንን ልዩነት ለማጥበብ ብዙ ወጪ ከማይጠይቁ መንገዶች አንዱ ነው።

ልማዱ የራሳችን ነው

ለሕፃናት ተረት መንገር ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። በአማርኛ ተራኪው «ተረት ተረት» ብሎ ሲጀምር ሰሚው «የላም በረት» ብሎ ካልመለሰ ተረቱ አይቀጥልም። ይህ የቆየ ልማድ ሰሚውን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ተሳታፊ ያደርገዋል። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የሚለውም መልስ እንዲሁ ነው። ገና መናገር የጀመረ ልጅ ተረቱን ሳይረዳ እንኳ ተራው ሲደርስ «በረት» ማለትን ይለምዳል። የዘመኑ የሕፃናት ባለሙያዎች ተደጋግሞ የሚመክሩት የቅብብል ንግግር በምሥራቅ ጎጃም በምድጃ ዙሪያ ሲሠራበት የኖረ ነው ማለት ይቻላል።

ይህንን የቃል ሀብት ወደ መጽሐፍ በማምጣት ከሚታወቁት ጸሐፍት አንዱ የዚሁ አካባቢ ተወላጅ ናቸው። በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና ለቢቸና ቅርብ በሆነው በዲማ ተከታትለዋል። ብዙ አንባቢ የሚያውቃቸው በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ቢሆንም፣ ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የተሰኘውን መጽሐፍ ለንባብ አብቅተው ነበር። ትልቁን ልቦለድ ከመጻፋቸው በፊት ተረትን ለመጽሐፍ የሚበቃ ቁም ነገር አድርገው መያዛቸው ለዛሬ ወላጆችም ትምህርት ይሆናል።

በሀገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ «አባባ ተስፋዬ» በሚል ስም የሚታወቁት አርቲስት ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆች ዝግጅት ከ40 ዓመት በላይ ተረት ሲነግሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ተረቱን ከቤተ መጻሕፍት ጋር ያገናኘው ሥራም በአዲስ አበባ ታይቷል። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በዚያ ለሕፃናት የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ማጣታቸው አሳስቧቸው በሀገራችን በሚታወቀው የሞኙ ማሞ ተረት ላይ የተመሠረተ መጽሐፍ በሁለት ቋንቋ አሳትመዋል። ቀጥሎም ወደ ሀገራቸው ተመልሰው «ኢትዮጵያ ሪድስ» በተሰኘው ድርጅት አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት እንዲከፈት አድርገዋል። ይኸው ድርጅት በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ በሚጎተት ጋሪ ወደ ልጆች ያደረሰ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍትም ጀምሯል። ሥራው የዓለምን ትኩረት ስቦ አቶ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን ከመረጣቸው 10 የዓመቱ ጀግኖች አንዱ ሆነዋል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አራት ኪሎ የተከፈተው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ቤተ መጻሕፍት ለመላው ቤተሰብ ሊያገለግል እንደሚገባው ማሳያ ሆኗል።

ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የ2 ዓመት ልጅ የሚያስፈልገው ደግሞ በእግር የሚደረስበት፣ በየሳምንቱ የሚመለስበት ቦታ ነው። ከላይ የተጠቀሱት ምሳሌዎች የሚያስረዱት ለሥራው ተረት፣ ጥቂት መጻሕፍትና ፈቃደኛ ሰው ከተገኙ ጋሪም እንኳ ቤተ መጻሕፍት ሊሆን እንደሚችል ነው።

የሕፃኑ መብትና የተቋማት ኃላፊነት

ሕፃኑ በእነዚህ አገልግሎቶች መጠቀሙ በችሮታ የሚገኝ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ሕፃናት የማረፍ፣ የመጫወትና ለዕድሜያቸው ተስማሚ በሆነ የባህልና የኪነ ጥበብ ሕይወት የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከቱ እርምጃዎች በሚወሰዱበት ጊዜ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት ሊታሰብ እንደሚገባ ያስገነዝባል። በ2002 ዓ.ም. በትምህርት፣ በጤናና በሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የወጣው የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ደግሞ ከአራቱ ምሰሶዎቹ አንዱን የወላጆች ትምህርት፣ ሌላውን ኅብረተሰብን መሠረት ያደረገ መደበኛ ያልሆነ ትምህርት አድርጓል። የተረት ሰዓት ሁለቱን በአንድ ክፍል ውስጥ የሚያገናኝ ተግባር ነው።

ስለዚህ ወላጅ ልጁን ይዞ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲመጣ የሌላ ሰው ቦታ የያዘ ሊመስለው አይገባም። በሌላ በኩል ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች ጸጥታ የማግኘት ጥያቄም ተገቢ ነው። ሁለቱን ለማስታረቅ የተለየ ክፍል፣ በረንዳ ወይም የተማሪው ቁጥር የሚያንስበት ሰዓት መምረጥ ይበቃል።

ከቤት ከመውጣት በፊት

በመጀመሪያ አገልግሎቱ መኖሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ከቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለልጁ የሚስማማው ሰዓት ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣ በልቶ የጠገበበት ሰዓት ነው። ለብዙ ሕፃናት ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመቻል። የራበው ወይም እንቅልፍ የያዘው ልጅ በተረት አይታለልም።

ለልጁ ውኃ፣ ቅያሬ ልብስና ለመቀመጫ የሚሆን ነጠላ ወይም ጨርቅ መያዝ ጠቃሚ ነው። መክሰስ ከተያዘ ለስላሳ ዳቦ ወይም ሙዝ ይመረጣል። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ሽምብራና የመሳሰሉት ጠጣር ጥሬዎች የትንንሽ ልጆችን የአየር ቧንቧ ሊዘጉ ስለሚችሉ፣ ሕፃናት በሚሯሯጡበትና በሚስቁበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ መሰጠት የለባቸውም።

ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ በሰውነት ላይ የወጣ ሽፍታ ወይም ብርቱ ሳል ያለበት ልጅ እስኪድን ድረስ ቤት መቆየት አለበት። ሕፃናት በሚሰበሰቡበት ቦታ ኩፍኝ በቀላሉ ስለሚተላለፍ፣ በ9 እና በ15 ወር የሚሰጡት የኩፍኝ ክትባቶች መሟላታቸውን ከክትባት ካርዱ ማረጋገጥ ይገባል። ያልተሟላ ከሆነ በአቅራቢያ የሚገኝ ጤና ጣቢያን ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛን ማነጋገር ያስፈልጋል።

እናት ሥራ ቢበዛባት አባት፣ አያት ወይም አክስት ልጁን ሊያመጡ ይችላሉ። ታላቅ እህት ወይም ወንድም ብቻቸውን ሕፃን ይዘው እንዲመጡ ግን አይመከርም፤ ከአዋቂ ጋር ቢመጡ ለትንሹም ለትልቁም ይጠቅማል። በተለይም አባቶች መምጣታቸው ልጁ ከሁለቱም ወላጆቹ አንደበት ቃል እንዲሰማ ያደርጋል።

በክፍሉ ውስጥ የአሳዳጊው ድርሻ

አሳዳጊው ልጁን በጭኑ ወይም በአጠገቡ አድርጎ ፊቱን ወደ ተራኪው ያዞርለታል። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል መልሱን ጮክ ብሎ ይመልሳል፤ ልጁ የሚማረው ከእርሱ አፍ ነውና። ጭብጨባ ሲመጣ የልጁን እጅ ይዞ ያጨበጭባል። ሥዕል ሲታይ ልጁ የሚያየውን ተከትሎ ስሙን ይጠራለታል። ልጁ አንበሳውን ትቶ በገጹ ጥግ ያለችውን ዶሮ ቢመለከት ስለ ዶሮዋ መናገር ነው የሚሻለው፤ ቃል በልጁ አእምሮ የሚቀመጠው ልቡ ካለበት ነገር ጋር ሲመጣ ነውና።

በዚህ ጊዜ የእጅ ስልክ ድምፅ መጥፋት ይኖርበታል። ፎቶ ማንሣት ካስፈለገም የሌሎች ልጆች ምስል ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ መነሣትም ሆነ በማኅበራዊ መገናኛ መለጠፍ የለበትም።

ብዙ ወላጆችን የሚያሳስባቸው «ልጄ ቢያስቸግርስ?» የሚለው ጥያቄ ነው። የ2 ዓመት ልጅ ተነሥቶ መዞሩ፣ መጽሐፉን ለመንጠቅ መሞከሩ ወይም ተረቱ ሳያልቅ ወደ በሩ መሄዱ የዕድሜው ጠባይ እንጂ የአስተዳደግ ጉድለት አይደለም። ወዲያ ወዲህ እያለ እንኳ ይሰማል፤ ብዙ ጊዜ ወላጆች ይህንን የሚያውቁት ማታ ቤት ገብቶ የተራኪውን ቃል ሲደግም ነው። ልጁ አጥብቆ ካለቀሰ አሳዳጊው ይዞት ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ ወጥቶ ሲረጋጋ ሊመለስ ይችላል። ዝም እንዲል መቆጣት ወይም መምታት ግን ክልክል ነው፤ መጽሐፍንና ፍርሃትን አንድ ላይ ያወቀ ልጅ መጽሐፉን ይሸሻልና። በመጀመሪያው ቀን 5 ደቂቃ ብቻ የቆየ ልጅ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት ሙሉውን ሊቆይ ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ ሞክሮ ከመተው ተደጋግሞ መሄድ ይሻላል።

አገልግሎቱ ባልተጀመረበት ቦታ ምን ማድረግ ይቻላል?

በአካባቢው የሕፃናት መርሐ ግብር ካልተጀመረ ነዋሪዎች እንዲጀመር መጠየቅና ማገዝ ይችላሉ። ጥያቄው ቢቻል ከአንድ ሰው ይልቅ አምስት ወይም ስድስት ወላጆች ሆነው፣ በጽሑፍና ግልጽ በሆነ መልክ ቢቀርብ የተሻለ ውጤት ያስገኛል። ማመልከቻው የልጆቹን ቁጥርና ዕድሜ፣ የሚመረጠውን ቀንና ሰዓት፣ የሚያስፈልገውን ቦታ፣ እንዲሁም ወላጆቹ ራሳቸው የሚያበረክቱትን ቢገልጽ መልስ ለመስጠት ያመቻል። የሚቀርበውም ቤተ መጻሕፍቱን ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ወይም ለከተማው አስተዳደር ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቅርብ ካልሆነ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንባብ ክፍል፣ የቀበሌ አዳራሽ ወይም የወጣት ማዕከል በሳምንት አንድ ቀን ለዚሁ ተግባር ሊፈቀድ ይችላል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የተጠረገና ፀሐይ የማያቃጥለው ወለል፣ ሰሌን ወይም ምንጣፍ፣ ከ10 የማያንሱ ሥዕላዊ መጻሕፍት፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ለልጆች የሚቀርብ ተራኪ ይበቃል። ተራኪው የግድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ መሆን የለበትም። በቢቸናም በሞጣም ብዙ ተረት የሚያውቁ አያቶች፣ በጡረታ ላይ ያሉ መምህራንና ሕፃናትን የሚወዱ ወጣቶች አይጠፉም። ከሕፃናት ጋር የሚሠራ ማንኛውም ሰው ግን በኃላፊው ተቋም የታወቀና የተፈቀደለት መሆን አለበት፤ ልጆችም በማንኛውም ጊዜ ከአሳዳጊዎቻቸው ዓይን ሊለዩ አይገባም።

የቀን አመራረጥም ሊታሰብበት ይገባል። ሰዓቱ ከገበያ ቀን ጋር ቢገጣጠም በዙሪያው ካሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ እናቶች ሊጠቀሙበት ይችላሉ። በክረምት ትምህርት ቤቶች ስለሚዘጉ የንባብ ክፍሎች ክፍት የሚሆኑበት ዕድል ሰፊ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ግን ቦታው ለመኖሪያ ሰፈሮች የቀረበ ቢሆን ይመረጣል። በልዩ ልዩ ምክንያት መደበኛ ትምህርት በሚስተጓጎልበት ጊዜም በሰፈር የሚቀጥል የተረት ሰዓት ልጆችን ከቋንቋና ከጨዋታ እንዳይርቁ ያግዛል።

መጻሕፍት ማግኘት ከባድ በሚሆንበት ጊዜ በእጅ መሥራት ይቻላል። ከካርቶን የተቆረጡ አምስት ወይም ስድስት ገጾች ላይ ልጆቹ በየቀኑ የሚያዩአቸውን በሬ፣ አህያ፣ ዶሮ፣ እንስራና የጤፍ ማሳ በመሳል ወይም ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ የተቆረጡ ሥዕሎችን በመለጠፍ፣ ጠርዙን በመርፌና በክር ሰፍቶ መጽሐፍ ማድረግ ይቻላል። ወፍራም ገጽ ለትንንሽ እጆች ይመቻል፤ በቀላሉም አይቀደድም። ኢንተርኔት ያለው ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረውን የአፍሪካ ተረቶች መጽሐፍ ድረ ገጽ ተጠቅሞ በልዩ ልዩ የአፍሪካ ቋንቋዎች የተዘጋጁ የልጆች ታሪኮችን ያለ ክፍያ አውርዶ ማተም ይችላል።

ትንሽ ጅምር ሊያድግ እንደሚችል ከሌሎች ሀገሮች ተሞክሮ መረዳት ይቻላል። በእንግሊዝ በበርሚንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1992 ለ300 ሕፃናት ቤተሰቦች መጽሐፍ በመስጠት የተጀመረው ቡክስታርት የተባለ መርሐ ግብር ኋላ ላይ ሀገር አቀፍ ሆኗል። መነሻው አንድ ከተማና ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ።

በቤት ውስጥ ማስቀጠል

በሳምንት አንድ ቀን የሚደረግ የ30 ደቂቃ መርሐ ግብር ብቻውን ልጅን አያሳድግም፤ ጥቅሙ ለቀሪዎቹ ስድስት ቀናት መንገድ ማሳየቱ ነው። ቡና ሲፈላ፣ ልጁ ሲታጠብ፣ ወይም ከብት ወደ በረት ሲገባ ያንኑ ተረት በአጭሩ መድገም ይቻላል። ሕፃናት አንድን ተረት አሥር ጊዜ ቢሰሙም አይሰለቹም፤ መደጋገሙ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አስቀድመው እንዲያውቁና ራሳቸው እንዲሉት ያደርጋቸዋል።

ማንበብ የማይችል ወላጅም መጽሐፍ ይዞ ከልጁ ጋር መቀመጥ ይችላል። ሥዕሉን እያየ የራሱን ታሪክ መናገር፣ «ይህ ማነው? ወዴት እየሄደ ነው?» እያለ መጠየቅ፣ የልጁን መልስ መጠበቅና ማሟላት በቂ ነው። ልጁ «ውሻ» ካለ ወላጁ «አዎ፣ ትልቅ ጥቁር ውሻ ነው» ብሎ ቃሉን ያሰፋለታል። ጽሑፉ በትክክል መነበቡን የ2 ዓመት ልጅ አይቆጣጠርም፤ የሚከታተለው የአባቱንና የእናቱን ድምፅና ፊት ነው። በቤት የሚነገረው ቋንቋ አማርኛ ካልሆነም በዚያው ቋንቋ መተረት ልጁን አይጎዳውም፤ ይጠቅመዋል።

ለልጅ የሚመረጠው ተረት የሚያስፈራራ መሆን የለበትም። ጅብ መጣ እያሉ ማስተኛት የተለመደ ቢሆንም፣ በፍርሃት የተኛ ልጅ ተረትን ከጨለማ ጋር ያያይዛል። በዚህ ዕድሜ እንስሳት የሚነጋገሩባቸው፣ ድምፅ የሚደጋገምባቸውና በሰላም የሚያልቁ አጫጭር ተረቶች ይስማማሉ።

ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ምልክቶች

የተረት ሰዓት ወላጆች የልጃቸውን እድገት በእርጋታ የሚያስተውሉበት አጋጣሚም ነው። ልጆች በተለያየ ፍጥነት ያድጋሉ፤ ሆኖም ልጁ ከጀርባው ሲጠሩት ወይም ብርቱ ድምፅ ሲሰማ የማይዞር ከሆነ፣ በ1 ዓመት ከመንፈቅ አንድም ቃል ካልተናገረ፣ በ2 ዓመቱ እንደ «ውኃ ስጠኝ» ያሉ ሁለት ቃላትን ማጣመር ካልጀመረ፣ ወይም ቀድሞ ይናገር የነበረውን ከተወ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ማስመርመር ያስፈልጋል። የመስማት ችግር በጊዜ ከታወቀ ልጁን መርዳት ይቻላል። «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» ብሎ መጠበቅ ውድ ጊዜ ሊያሳልፍ ይችላል። አካል ጉዳት ያለባቸው ሕፃናትም በተረት ሰዓት የመገኘት እኩል መብት አላቸው፤ ማየት የማይችል ልጅ በድምፅና በመዳሰስ፣ መስማት የማይችልም በሥዕል፣ በምልክትና በእንቅስቃሴ እንዲሳተፍ ማድረግ የአዘጋጆቹ ድርሻ ነው።

ማጠቃለያ

የሕፃናት የተረት ሰዓት ለቢቸናና ለሞጣ ወላጆች እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። ተረቱ ከቤታቸው ያለ ነው፤ «የላም በረት» የሚለው መልስም ከልጅነታቸው ጀምሮ በአፋቸው ያለ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ የሚጨምርላቸው የታወቀ ቀን፣ ንጹሕ ወለል፣ ሥዕላዊ መጽሐፍና የሌሎች ወላጆችን አብሮነት ነው። አገልግሎቱ ያለበት አካባቢ ነዋሪዎች ልጃቸውን ይዘው እንዲጠቀሙበት፣ የሌለበትም ተሰባስበው እንዲጠይቁ ይመከራል። ጥያቄው ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ ግን የትኛውም ልጅ መጠበቅ የለበትም፤ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ልጁን አጠገብ አስቀምጦ «ተረት ተረት» ብሎ መጀመር፣ ከዚያም ልጁ በሚችለው ድምፅ እስኪመልስ ድረስ በትዕግሥት መጠበቅ ይቻላል።